ስለ ሆሞሲስቲን ጠይቁኝ፦ ቢ ቫይታሚን፣ ልብና አንጎል

ስለ ኮሌስትሮል ባወራን ቁጥር «ሆሞሲስቲንስ?» የምትሉ አላችሁ። ዛሬ ለእሱ ብቻ እንቀመጥ። ሐኪም አይደለሁም፤ ቀኑን ሙሉ ደም ስመረምር የምውል የላቦራቶሪ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነው የምጽፈው። የባለቤቴ የደም ውጤት ላይ ሆሞሲስቲን 19 ይላል፣ ጎኑ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ሐኪሙ «ቢ ቫይታሚን ይውሰድ» ብሎ ሸኘን። ምንድነው ነገሩ?

መልስ፦ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። ከሥጋም፣ ከእንቁላልም፣ ከጥራጥሬም የምናገኘው ሜታዮኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ሥራውን ሲጨርስ ሆሞሲስቲን ይሆናል። ከዚያ ወይ ፎሌት (በክኒን ሲሆን ፎሊክ አሲድ የምንለው ቢ ቫይታሚን) እና ቢ12 አግዘውት ተመልሶ ሜታዮኒን ይሆናል፣ ወይ በቢ6 እገዛ ወደ ሌላ ተለውጦ ይወገዳል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል መንገዱ ይጨናነቅና ደም ውስጥ ይጠራቀማል። አብዛኛው ላቦራቶሪ በሊትር ከ5 እስከ 15 ማይክሮሞል ያለውን ደህና ይለዋል። 19 ከፍ ያለ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳ ግን አይደለም። ሆሞሲስቲንን የሚያጠራቅም፣ በዘር የሚወረስ ከባድ በሽታ ያለባቸው ልጆች ከ100 በላይ ይደርሳሉ።

ቫይታሚን ከመግዛታችሁ በፊት ኩላሊቱና ታይሮይዱ ታይቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሁለቱም ሲታመሙ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ሲጋራም እንደዚያው። የሚወስዳቸውንም መድኃኒቶች አንድ በአንድ ጻፉልኝ።

ደግሞ ደሙ እንዴት እንደተያዘ ማንም አይጠይቅም። ቀይ የደም ሴሎች ቱቦ ውስጥም ሆነው ሆሞሲስቲን መልቀቃቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ቱቦው ወዲያው በረዶ ላይ መቀመጥ፣ ፕላዝማውም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በአንድ ሰዓት ውስጥ መለየት አለበት። አንድ ቀን ጠዋት የተቀዳ ደም ከምሳ በኋላ በሞተር ሳይክል ደረሰን። በረዶው ቀልጦ ላስቲኩ ውስጥ ውሃ ሆኗል። ሰውየውን ጠርተን በማግስቱ እንደገና ቀዳነውና ለማወቅ ያህል ሁለቱንም አስኬድኳቸው። የመጀመሪያው 21፣ ሁለተኛው 13። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቱቦው ጉዞ ነው።

ጥያቄ፦ ከልብ ጋር ማን አገናኘው? የቫይታሚን ሻጮች ፈጠራ መስሎኝ ነበር።

መልስ፦ አይደለም። ኪልመር ማክኩሊ የሚባል አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት (ከሞቱ ሰዎችም ጭምር የተወሰደ ናሙና የሚመረምር ሐኪም) ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ያ ሆሞሲስቲንን የሚያጠራቅም የዘር በሽታ፣ ማለትም የኢንዛይም ጉድለት፣ የነበረበት አንድ የ8 ዓመት ልጅ በስትሮክ ሞቶ ነበር። የደም ሥሮቹ የሽማግሌ ይመስላሉ። ማክኩሊ ከዓመታት በኋላ የተቀመጠውን ናሙና አውጥቶ መረመረ። ከዚያ በሌላ የኢንዛይም ጉድለት የሞተ የሁለት ወር ጨቅላ ደም ሥሮችም እንደዚያው ተጎድተው አገኘ። የሁለቱ ጉድለት የተለያየ ነው፤ የሚገናኙት ደማቸው ውስጥ በተጠራቀመው ሆሞሲስቲን ነው። በ1969 ጥርጣሬውን አሳተመ። ጊዜው ሁሉም ኮሌስትሮልን የሚያሳድድበት ስለነበር ሰሚ አጣ፤ ኋላም ሥራውን እስከማጣት ደረሰ። በ1992 ወደ 15,000 በሚጠጉ አሜሪካውያን ወንድ ሐኪሞች ላይ የተሠራ ጥናት ሆሞሲስቲናቸው በጣም ከፍ ያለው ለልብ ድካም (ድንገት ለሚመጣው፣ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ) የመጋለጥ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን ሲያሳይ ሰውየው ከተረሳበት ተነሣ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ቫይታሚኑን ወስጄ ቁጥሩን ካወረድኩ ልቤ ዳነ ማለት ነው?

መልስ፦ እኔም እንደዚያ ብዬ አምኜ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በ2006 ውጤቱ የወጣው ሆፕ-2 ጥናት 5,522 የልብና የደም ሥር ሕመምተኞችንና የስኳር ታማሚዎችን ለአምስት ዓመት ተከታተለ። ገሚሱ ፎሊክ አሲድ፣ ቢ6 እና ቢ12 ወሰደ። ሆሞሲስቲን ወረደ። የልብ ድካም፣ ስትሮክና ከልብ የመጣ ሞት ተደምሮ ግን ቫይታሚን ከወሰዱት 18.8 በመቶውን፣ ካልወሰዱት 19.8 በመቶውን አገኘ፤ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። በዚያው ዓመት ኖርዌይ ውስጥ የልብ ድካም አሳልፈው በነበሩ 3,749 ሰዎች ላይ የተሠራው ደግሞ ሦስቱንም አንድ ላይ የወሰዱት እንዲያውም ትንሽ የባሰባቸው መሰለ። ኩላሊታቸው በስኳር የተጎዳ ሰዎች ላይ ደግሞ በብዛት የተሰጠው ቢ ቫይታሚን በግልጽ ጎድቷል።

ጭስ ባየንበት እሳት አለ ብለን ጭሱን ስናራግብ ከረምን እላለሁ። ልባችሁን ለመጠበቅ ብላችሁ ብቻ ቢ ቫይታሚን አትግዙ። የደም ግፊት መድኃኒታችሁን በሰዓቱ ዋጡ።

ጥያቄ፦ ስትሮክስ? ለአንጎል ይጠቅማል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል። ቻይና ውስጥ ስትሮክም የልብ ድካምም ነክቷቸው የማያውቁ ከ20,000 በላይ የደም ግፊት ታማሚዎች ኤናላፕሪል የሚባል የግፊት መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ለገሚሶቹ 0.8 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ተጨመረበት። በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ ኤናላፕሪል ብቻ ከወሰዱት 3.4 በመቶው፣ ከጨመሩት 2.7 በመቶው ስትሮክ መታው። ከሁሉ የተጠቀሙት በፊት ፎሌት ያነሳቸው ናቸው። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ዱቄቷ ላይ ፎሊክ አሲድ ስለምትጨምር ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ይህን ያህል ትርፍ አያገኝበትም።

አንጎልን በተመለከተ ኦክስፎርድ ውስጥ የማስታወስ ችሎታቸው መቀነስ የጀመረ፣ 70 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ሁለት ዓመት ቢ ቫይታሚን ወስደው አንጎላቸው የሚሟሽሽበት ፍጥነት በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ጥናቱን የጨረሱት ግን 168 ሰዎች ናቸው፤ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ለስኳር ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመረች 11 ዓመት ሆናት። ጾም አታስቀርም። እግሬን ጉንዳን ይሄድበታል ትላለች። ባለፈው ነጠላ ጫማዋ በር ላይ ወልቆ ሳሎን እስክትደርስ አልታወቃትም።

መልስ፦ እህቴ፣ ከዛሬው ጥያቄ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። ስኳር ብቻውንም እንዲህ ያደርጋል፤ ሰው ሁሉ «ስኳሩ ነው» ብሎ የሚያልፈውም ለዚያ ነው። ግን ሜትፎርሚን ቢ12 እንዳይመጠጥ ያደርጋል፣ ዕድሜም የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል። ቢ12 ያለው በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ነው፤ ጎመንና ሽሮ ውስጥ የለም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያስቀምጥ ጤነኛ ሰው ሁዳዴን ጾሞ አይጎዳም። ሦስቱ ሲደራረቡ ግን ያ ስንቅ ያልቃል።

ቢ12 ያስለኩላቸው። ውጤቱ ድንበር ላይ ከሆነ፣ ማለትም በሚሊሊትር ከ200 እስከ 300 ፒኮግራም አካባቢ፣ ያኔ ነው ሆሞሲስቲን በእውነት የሚጠቅመው፤ ከፍ ካለ ጉድለቱ ሴሉ ድረስ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ጾሙን ያስቀሩ አልልም። ቢ12 የሚመረተው በባክቴሪያ ስለሆነ ክኒኑ የጾም ነው፤ የጀላቲን ሽፋን ያለውን ብቻ ይተዉ።

ጥያቄ፦ ፎሊክ አሲድ ርካሽ ነው። እሱን ብሰጣትስ?

መልስ፦ አደራ! ቢ12 ሳይታይ ፎሊክ አሲድ ብቻውን አይሰጥ። ደም ማነሱን ያስተካክልና ደሟ የዳነ ያስመስላል፤ ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ሲደክመኝ ፋርማሲ ሄጄ ቢ ኮምፕሌክስ እወጋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አንዳንዴ ከሆነ የለውም። ለወራት ቢ6 በብዛት መውሰድ ግን ራሱ እግር ያደነዝዛል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2023 የቀን ጣሪያውን 12 ሚሊግራም አድርጎታል፤ ፋርማሲ ከሚሸጡት ውስጥ አንዷ ፍሬ ብቻ 100 እና 200 የያዘች አለች። ለድካሙ መጀመሪያ ሄሞግሎቢንህን ታይ።

ጥያቄ፦ ቡናም ሆሞሲስቲን ይጨምራል አሉ። ልንተው ነው?

መልስ፦ በቀን በሊትር የሚጠጡት ላይ ትንሽ ይጨምራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሲኒ ተደምሮ ሊትር አይሞላም። ጠጡ።

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንጓ ነኝ፣ ተመልሼ መጣሁ። ኩላሊቱም ታይሮይዱም ደህና ነው። የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ስጽፍልህ ግን ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ከጀመረ ስድስት ዓመት እንደሆነው አሁን አስታወስኩ።

መልስ፦ እሱ ነዋ! ኦሜፕራዞልም አሲዱን አጥፍቶ ቢ12 ከምግብ እንዳይለይ ያደርጋል። ቫይታሚኑን ሳይጀምር ቢ12 ይለኩለት፣ አለበለዚያ ውጤቱ ይደበቃል። ኦሜፕራዞሉን እስካሁን ለምን እንደሚወስድም ሐኪሙን ጠይቁት። ደሙ ሲቀዳ ቱቦው በረዶ ላይ መቀመጡን በዓይንሽ እዪ።