ሲንጀሯ ስንት ዓመቷ ነው?

ጥያቄ፦ አያቴ የተውልኝ በእጅ የምትዞር ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና አለችኝ። «ጣልያን ሲገባ የተገዛች ናት» ይሉ ነበር። ቆርቆሮዋ ላይ ግን 18 ምናምን የሚል ዓመት አለ፤ ቁጥሯ ደግሞ በዋይ (Y) ይጀምራል። በቀደም አንድ ደላላ መጥቶ ሞባይሉን መርፌዋ ላይ እያስጠጋ «ውስጧ ቀይ ሜርኩሪ አለ» አለኝ። እውነት ነው? ሳጥኗ ውስጥ 7 ቁጥር ያለባት፣ ሲሰፉ ጣት ላይ የምትጠለቅ የብረት ቆብም አግኝቻለሁ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ደላላውን አሰናብቺው። ቀይ ሜርኩሪ ብዙ ገንዘብ ያወጣል እየተባለ የሚወራለት፣ የሌለ ነገር ነው። ይቺ ወሬ እ.ኤ.አ. በ2009 ሳዑዲን አተራምሳለች፤ ሰዉ አሮጌ ሲንጀር በብዙ ሺህ ሪያል ሲሻማ፣ «ሞባይሉ ኔትወርክ ካጣ ሜርኩሪ አለ» ሲባባል ከርሞ መጨረሻው ማጭበርበር ሆነ። ያኔ እዚያ የነበረ ዘመድ ካለሽ ጠይቂው። መኪናዋ ውስጥ ያለው ብረትና ዘይት ነው።

ቆርቆሮው ላይ ያለው ዓመትም አያታልልሽ። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበበት ነው እንጂ መኪናዋ የተሠራችበት አይደለም። ዕድሜዋን የሚናገረው በቀኝ በኩል ከመዘውሯ አጠገብ፣ መቀመጫዋ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። በአቧራና በዘይት ከተደፈነ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊውና የልብስ ሰፊ ጠመኔ እሺበት፣ አኃዙ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አልኮል ግን እንዳታስነኪያት! ቫርኒሹን በልቶ የወርቁን ጌጥ ይዞት ይሄዳል።

ቁጥሩ ላይ ፊደል መግባት የጀመረው በ1900 ነው። ዋይ የስኮትላንዱ የክላይድባንክ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው በ1980 ቢዘጋም አጠገቡ ያለው ባቡር ጣቢያ እስከ ዛሬ ስሙ ሲንጀር ነው። ዋይ ያለባቸው ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ናቸው፣ ሁሉም በፈረንጅ። በእኛ ከ1913 እስከ 1927 ገደማ መሆኑ ነው። ጣልያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ስለሆነ አያትሽ አልተሳሳቱም። የተሠራችበትና የተገዛችበት ዓመት አንድ መሆን የለበትም፣ ሱቅ ከርማ ወይም ከሌላ ሰው እጅ ተገዝታ ሊሆን ይችላል። ከዋይ ቀጥሎ ያሉትን አኃዞች ላኪልኝ። በ8 ወይም በ9 ሚሊዮን ከሆነ ከመጨረሻዎቹ ናት።

የጣት ቆቧ ላይ ያለው 7 የጣት ልክ ነው፣ እንደ ጫማ ቁጥር።

ዋጋዋን በተመለከተ፣ በሚሊዮን የተመረተች ስለሆነች ብርቅ አይደለችም። እኩዮቿ ደሴ ፒያሳ በረንዳ ላይ አሁንም ሱሪ ያሳጥራሉ።