ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት አትመነው፣ እኔ አምኜ ቱዊተር (የስፒከሩን ቀጭን ድምፅ ማውጫ) ሁለት ጊዜ አቃጥያለሁ

ወንድሜ፣ «3000 ዋት የሚል አምፕሊፋየር 300 ዋት ስፒከር ላይ ብገጥም ያቃጥልብኛል ወይስ ዝቅ ያለ ልግዛ?» ብለህ የጠየቅከውን አየሁት። ሰው ሁሉ ዝቅ ያለውን ግዛ እያለህ ነው። አቦ አትስማቸው! እኔ እንደዚያ ተብዬ ነው የከሰርኩት። ደሴ ውስጥ ለሰርግና ለምርቃት ሞንታርቦ አከራያለሁ፣ ስለዚህ የማወራህ ከኪሴ የወጣውን ነው።

1ኛ፦ የትኛው ዋት እንደሆነ እወቅ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፒክ ወይም ፒኤምፒኦ የሚሉት ነው። ለቅጽበት ብልጭ የሚል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ከሰማይ የወረደ ቁጥር። አንተ የምትፈልገው አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት ነው፣ ያውም በስንት ኦም (የስፒከሩ የመቋቋም መለኪያ) እንደተለካ አይተህ። የእኔ አምፕ ካርቶን 2000 ይላል። መመሪያው ወረቀት የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ በ4 ኦም በቻናል (በአንዱ የድምፅ መውጫ) 120 ዋት ይላል። ሁለቱን ብትደምር 240! ወረቀቱ ከሌለ ዕቃውን አዙረህ ከኋላ ፊውዙን አንብብ። የእኔ 3 አምፔር ነበር። 220 በ3 ሲባዛ 660 ነው። ከዚያም ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክን አለ። ከሶኬት 660 ወስዶ ሙሉ ሌሊት 2000 የሚያወጣ ዕቃ ቢኖርማ ግድብ መሥራት ምን ያደርግልን ነበር?

2ኛ፦ አምፑ አቅሙ ሲያልቅ የምትበራዋን፣ ክሊፕ የምትባለዋን ቀይ መብራት እንደ ጌጥ አትያት። እኔ እንደ ጌጥ ነበር የማያት፣ ወላሂ። ኮምቦልቻ ሰርግ ይዤ ወረድኩ። ድንኳኑ ሰፊ፣ ሰው ብዙ፣ ስፒከሮቼ አራት ባለ 300 አርኤምኤስ። ሚዜዎቹ «ጨምር!» ይላሉ፣ እኔም እጨምራለሁ። ቀይዋ ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ በርታ ቀረች። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለ። ከዚያ ቀጭኑ ድምፅ ጥፍት። የሁለቱ ስፒከር ቱዊተር አለቀ። የሙሽራው አጎት ግማሹን ኪራይ ቆርጦ ሰጠኝ፣ ምን እላለሁ?

ወደ ደሴ ስመለስ የሐረጎን ዳገት ስወጣ መንገዱን ሙሉ «2000 ዋት በዝቶባቸው ነው» እያልኩ ነበር። በነጋታው አምፑን የሸጠልኝ ያው ባለሱቅ «አዎ፣ በዝቶባቸው ነው» ብሎ ያነሰ አምፕ ሸጠልኝ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ያነሰው አምፕ ድምፁ ስለማይደርስ የበለጠ ጠመዘዝኩት። ቀይዋም ገና ከመጀመሪያው ዘፈን በራች። አዲስ ያስገባኋቸው ዲያፍራሞች (ቱዊተሩ ውስጥ የሚርገበገቡት ስስ ሽፋኖች) ወር እንኳ አልሞላቸውም። ይዤ ስመለስ ባለሱቁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ስፒከርህ ፎርጅድ ነው» አለኝ። ዋስትና ስለው ሳቀ።

የገባኝ ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር አንድ ሽማግሌ ራዲዮ ጠጋኝ በእስክሪብቶ ሲስሉልኝ ነው። አምፑ አቅሙ ሲያልቅ የድምፁን ሞገድ አናት ይቆርጠዋል። አናቱ የተቆረጠ ሞገድ ከደህናው የበለጠ ጉልበት ይዞ ይሄዳል፣ በጣም ሲከፋ እስከ እጥፍ። ቁርጡ የሚፈጥረው ተጨማሪ ቀጭን ድምፅ ደግሞ በክሮስኦቨሩ (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ በሚለየው ክፍል) አልፎ ቀጥ ወደ ቱዊተር ነው። ሳጥኑ 300 ይችላል ማለት ቱዊተሩ 300 ይችላል ማለት አይደለም። የሙዚቃ አብዛኛው ጉልበት ባስ ላይ ስለሆነ ቱዊተሩ የሚችለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ስለዚህ ለአንተ ለአንዱ 300 አርኤምኤስ ስፒከር፣ ኦሙ እኩል ሆኖ፣ ከ450 እስከ 600 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ አምፕ ይሻልሃል። ይሄ ግን ሚክሰሩ (የድምፅ ማደባለቂያው) ላይ ቀይ የማያበራ ሰው ካለ ነው። ጎረምሳ ዲጄ ከሆነ የሚነካካው፣ ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድበውን ሊሚተር አስገባና ቆልፍበት። የአምፑን ቁልፍ ግማሽ ላይ አድርጌ ጠበቅኩት የሚልህንም አትመነው፤ ሚክሰሩ ከላከበት አምፑ ግማሽ ላይም ሆኖ እስከ ጥግ ይሄዳል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር በአንድ ቻናል ላይ ጎን ለጎን (በፓራሌል) ስትቀጥል 4 ኦም እንደሚሆን ታውቃለህ ብዬ አልፋለሁ፣ ግን አምፑ የማይችለው ኦም ላይ እንዳትወርድ።

3ኛ... ቁጥሩ እንኳ ጠፋብኝ። ድምፅ አነሰ ብለህ ወደ ዋት አትሩጥ። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የምታገኘው 3 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮህ «ትንሽ ጨመረ» ከማለት አያልፍም። እኔ ስፒከሮቹን ከመሬት አንስቼ ስታንድ ላይ ሰቀልኳቸው፣ ከሰው ራስ በላይ። ያ ሰርግ ላይ ይህን ባደርግ ኖሮ ማንም «ጨምር» አይለኝም ነበር።

ስትከፍት አምፕ መጨረሻ፣ ስትዘጋ አምፕ መጀመሪያ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ሮጠህ አምፑን አጥፋ፣ ሲመለስ የሚመጣው «ዱም» ቀላል እንዳይመስልህ። ማይክ ሲያፏጭም አትሳቅ፣ ቱዊተር ነው የሚያለቅሰው።

አሁን እውነተኛ ዋት ያለው ትልቅ አምፕ ገዝቼ ከያዝኩ አራት ዓመት ሆነኝ፣ አንድም ዲያፍራም አልቀየርኩም። ልትገዛ ያሰብከውን ዕቃ የኋላውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ፊውዙና ኦሙ የሚታይበትን። የካርቶኑን አልፈልግም።