እቁብ ከበሉ በኋላ ማቆም የግል ጉዳይ ነው?

ወንድሜ፣ «እቁቤ በ3ኛው ወር ወጣልኝ፤ አሁን ሥራ ለቅቄያለሁ፤ መጣል ባቆም የግል ጉዳዬ አይደለም ወይ?» ብለሃል። ኧረ አይደለም! 20 ሰው በየወሩ 5,000 ሲጥል 100,000 ብር ነው። አንተ የጣልከው 15,000 ብቻ ነው፤ 85,000ው የሰው ገንዘብ ነው።

ስትጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚያዘው ዋስህ ነው። ለቤት ኪራይ ያስቀመጣትን አውጥቶ ባንተ ፈንታ ይከፍላል። (እኔ ለጓደኛዬ ዋስ ሆኜ ስድስት ወር ከፍያለሁ። እስካሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ በስልክ የሚያወራ ይመስላል።)

ሥራ መልቀቅ መብትህ ነው፣ ማንም አይጠይቅህም። ግን ስልክህን አታጥፋ። ዛሬውኑ ለእቁቡ ዳኛ ደውል፤ ግማሽ ግማሽ እየጣልክ ሥራ ስታገኝ እንድታሟላ ጠይቀው። ዋስህን ግን በስልክ አይደለም፣ ቡና ጋብዘህ ፊት ለፊት ንገረው። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ።