ኤክስፓየር ያደረገ ምግብ ይበላል ወይስ ይጣላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቀኑ 5 ቀን ያለፈ ወተት፣ 8 ወር ያለፈው የቱና ጣሳ እና 3 ሳምንት ያለፈው የሕፃን ፎርሙላ ቤት ውስጥ አለ ብለሻል። ባለቤትሽ «ሁሉንም ጣይው» ይላል። እናትሽ ደግሞ «እህል አይጣልም፣ ነውር ነው» ይላሉ። ሦስቱን አንድ ላይ አታድርጊያቸው። መልሳቸው ለየቅል ነው።

ከፎርሙላው ልጀምር። እሱን ዛሬውኑ ጣይው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ሕግ ቀን የግድ ይጻፍበት የሚለው ምግብ የሕፃን ፎርሙላ ብቻ ነው። ቀኑ ካለፈ ጣሳው ላይ የተዘረዘረው ቫይታሚን በልኩ ለመኖሩ ማንም ዋስትና አይሰጥሽም። እኛ አንዱ ቢጎድልብን በሌላው እንሞላዋለን። ፎርሙላ ብቻ የሚጠጣ ሕፃን ግን በምን ይሞላዋል? ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም ሁለት ልጅ በፎርሙላ አሳድጌያለሁ። ስትገዢው ቀኑ አልፎ ከነበረ ደረሰኙን ይዘሽ ሱቁ ሂጂ።

ወተቱ ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ግሮሰሪ፣ የወተትና የእንቁላል ክፍል 6 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን በማታ ፈረቃ። ሥራዬ አዲስ የገባውን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት መደርደር ነበር። «ሴል ባይ» የሚለው ቀን እኮ ለኛ ለሠራተኞቹ የተጻፈ ነው። ሱቁ እስከዚህ ቀን ይሽጠው ማለት ነው። «ቤስት ባይ» ደግሞ አምራቹ ጣዕሙ እስከዚህ ቀን አይቀንስም ብሎ የገመተው ነው። ሁለቱም በማግስቱ ይመርዛል አይሉም። ሰው ግራ እየተጋባ ደህና ምግብ ስለሚጥል፣ ካሊፎርኒያ «ሴል ባይ» የሚለው ጽሑፍ ለገዢ እንዳይታይ ከጁላይ 2026 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች።

አንድ ሌሊት ብስኩት መደርደሪያው ሥር አንድ ጋሎን ወተት አገኘሁ። የሆነ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ትቶት ሄዷል። ስነካው ለብ ብሏል፣ ላበቱም ከላዩ ደርቋል። ቀኑ እንዲያልፍ ገና 10 ቀን ይቀረዋል። ጣልነው። ከዚያ ወዲህ ቀን ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ቆየ?» ብዬ ነው። ፍሪጅሽ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወተቱም ካልኮመጠጠና ካልተቋጠረ፣ 5 ቀን ብዙ አይደለም። የፍሪጁ በር ላይ ካስቀመጥሽው ግን ወደ ውስጥ አስገቢው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል።

ቱናውን ገልብጠሽ እይው። ጣሳው ካላበጠ፣ ካላፈሰሰ፣ ካልዛገ፣ ስፌቱም ላይ በኃይል ካልተጨረመተ፣ 8 ወር ምንም አይደለም። ካበጠ ግን አትክፈቺው፣ አትቅመሺውም። ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። እናቶቻችን «ቅመሺውና እዪው» ይሉናል፣ እዚህ ላይ ግን አይሠራም።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። እኛ ቤት ሰው የታመመው ቀን በተጻፈበት ምግብ አይደለም። የዛሬ ስንት ዓመት ለገና ትልቅ ድስት ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ማታ እንግዳ ሸኝቼ ደክሞኝ ድስቱን ምድጃው ላይ ትቼው ተኛሁ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እስኪንፈቀፈቅ አሙቄ አቀረብኩ። ማታውን ልጆቼም፣ እኔም፣ ልትጠይቀን የመጣችው አክስቴም ስናስመልስ አደርን። አክስቴ «አዲስ አበባ ስንት ዓመት እንዲሁ በልተናል!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን የአዲስ አበባ ሌሊት ራሱ ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ጃንዋሪ ላይ ቤቱ በማሞቂያ ሲጋል ያድራል፣ ድስቱም ለብ ብሎ ያድራል። ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህንን ነው። አንዳንዱ የሚተወው መርዝ ደግሞ ብታፈይውም አይጠፋም። አሁን ወጥ ከወጣ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አላቆይም። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ፍሪጅ አስገባለሁ፣ ትልቅ ድስት እንዳለ ቢገባ መሐሉ ቶሎ አይበርድም። በ4 ቀን ካላለቀ ፍሪዘር ነው።

እናትሽ አብረውሽ ስለሆኑ አንድ ነገር አደራ። ተቆርጦ የሚሸጥ የዴሊ ሥጋ ወይም ለስላሳ አይብ ላይ «ዩዝ ባይ»፣ ማለትም እስከዚህ ቀን ተጠቀሙበት የሚል ካየሽ አክብሪው። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል። በዕድሜ የገፉ ሰዎችንና ነፍሰ ጡሮችን ክፉኛ ይጎዳል፣ ጽንስ እስከማስወረድ ይደርሳል።

ከሀገር ቤት የመጣውስ? በርበሬና ሽሮ ላይ ብዙ ጊዜ ቀን የለም፣ አንዳንዴም በኛ አቆጣጠር ይጻፋል። አንዲት ጎረቤቴ «2017» የሚል እሽግ አይታ በፈረንጅ ቆጥራ ልትጥለው ስትል ደርሼላታለሁ። በርበሬን የሚያበላሸው እርጥበት ነው። ቤዝመንት ውስጥ ያስቀመጥኩት የእናቴ በርበሬ አንድ በጋ ላይ ተጓጎለ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ሻጋታ ያዘው፣ የምድር ቤት ሽታም አመጣ። እንባዬ መጣ፣ እሷ በእጇ ቀንጥሳ፣ አስጥታ፣ አስፈጭታ የላከችው ነው። ግን የሻገተውን አንስቶ ሌላውን መብላት አይሆንም። አንዳንድ ሻጋታ የሚያወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በዱቄቱ ውስጥ አይታይም፣ ቁሌቱም አያጠፋውም። ጉበት ነው የሚጎዳው። አሁን ሲላክልኝ የወር ያህሉን ብቻ አውጥቼ ሌላውን አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ወተቱን ከመጠጣትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ርካሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ግዢና መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሪው። ጠዋት ስንት እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልን።