የፊልም ምሽት ለእርዳታ፦ መጀመሪያ እድሩን አነጋግሩ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ፊልምና ስለ እርዳታ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? እኛ ሐዋሳ የምንኖር ስምንት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ተማሪዎች ነን፣ አንዱ ሠርግ ይቀርጻል፣ አንዷ ፀጉር ቤት አላት፣ ሌሎቻችን ያገኘነውን እንሠራለን። ሁላችንም ፊልም እንወዳለን። በሰፈራችን የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ቤተሰቦቻቸው ያላቸውን ሸጠው ጨርሰዋል። ሦስት ቀን የሚቆይ የፊልም ፌስቲቫል አዘጋጅተን ገቢውን ለእነሱ ልንሰጥ አሰብን። ለሰው ስንነግር ግን «አሁን ማን ፊልም ለማየት ከቤቱ ይወጣል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አለው» ይሉናል። ከምን እንጀምር? የትኛውን ፊልም እናሳይ? ገንዘቡንስ እንዴት እንያዘው?
(ስምንቱ ጓደኛሞች፣ ከአቶቴ)

መልስ፦ ልጆቼ፣ ደብዳቤያችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አድርጉት። «ማን ይወጣል» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ሰው ስልኩ ላይ ብቻውን የሚያየው ፊልምና ከጎረቤቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ፣ አብሮ ስቆ፣ አብሮ ዝም ብሎ የሚያየው ፊልም አንድ አይደለም። በአፍሪካ ትልቁ የፊልም ፌስቲቫል፣ ኡጋዱጉ ላይ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ፌስፓኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር የጀመሩት ፊልም የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ የኛው ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ትልቁን ሽልማት የወሰደው እዚያው ነው።

ግን ሦስት ቀን አትበሉ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ምሽት ይበቃል። አንድ ምሽት በደንብ የሠራ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ቀን ቢል ይታመናል። ሦስት ቀን ብሎ በሁለተኛው ቀን ፕሮጀክተር የተቃጠለበት ግን ሰውን መልሶ ለመጥራት ይከብደዋል።

አሁን ከምን እንጀምር ላላችሁት። ከአዳራሽ አትጀምሩ፣ ከስፖንሰርም አትጀምሩ። የሰፈራችሁ እድር ዘንድ ሂዱ።

ለምን መሰላችሁ? ለፊልም ምሽት የሚያስፈልገው ነገር ግማሹ እድሩ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ብርጭቆ አለ፣ የሻይ በርሜል አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ሰው ለዓመታት ያየው መዝገብ አለ። እናንተ ስምንት ወጣቶች ናችሁ፣ ጥሩ ልጆች እንደሆናችሁ አልጠራጠርም፣ ግን ሰው ገንዘቡን ሲሰጥ የሚያምነው የለቅሶውን መዋጮ አንድም ቀን ያላጎደለውን ገንዘብ ያዥ ነው። እድሩ «ይሄ የኛ ጉዳይ ነው» ካለ ቲኬቱ በወር ስብሰባ ላይ ይሸጣል። ታማሚዎቹም የእድሩ አባላት የመሆናቸው ነገር የሚቀር አይመስለኝም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የልብ ሕመምተኛ ሕፃን በተዘጋጀ የፊልም ምሽት ላይ ተገኝቼ ነበር። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የሕፃኑን እናት መድረክ ላይ አወጧት፣ ማይክ ሰጧት፣ አለቀሰች፣ እኛም አለቀስን፣ ኪሳችን ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰጠን። ከወር በኋላ እናትየዋን መናኸሪያ አካባቢ አገኘኋት። የደረሳት ገንዘብ የሕፃኑን የአዲስ አበባ ምልልስ እንኳን አልሸፈነም። ቀሪው የአዳራሽ ኪራይ፣ የባነር፣ የቲሸርትና የእንግዶች እራት ሆኗል። ሰረቁ አልልም፣ ወጪው በልቶት ነው። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈር ውስጥ «ብዙ ብር የተሰበሰበላት» ሴትዮ ሆና ቀረች፣ ሌላ ሰውም አልረዳትም። ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ቲሸርት አታሳትሙ። ኬክም ይቅር። ታማሚውን መድረክ ላይ አታውጡ፣ ፎቶውንም ፖስተር ላይ አትለጥፉ፣ ራሱ ፈልጎ ካልጠየቀ በቀር። ሰው ፊልም ለማየት ይምጣ፣ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በግልጽ ይነገረው፣ በቃ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የእጥበትን ነገር ሳታውቁት አልቀራችሁም፤ አንድ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ አቅም ያጠረው ደግሞ ሁለት ጊዜ ላይ ያቆመዋል። የአንድ ምሽት ገቢ ይህንን ለዘለቄታው አይፈታም። እንደሚፈታ አድርጋችሁ አታውሩ። ይልቅ ሕክምናውን የሚሰጠው ተቋም ዘንድ ሄዳችሁ የአንዱን እጥበት ዋጋ ጠይቁና ቲኬቱ ላይ «አሥር ቲኬት ይህን ያህል እጥበት ነው» ብላችሁ ጻፉ። ገንዘቡን በጥሬው ለቤተሰቡ ከመስጠት ለሕክምናው በቀጥታ ከፍላችሁ ደረሰኝ መያዝ ይሻላል። በቴሌብር የሚልክ ሰው ይኖራል፤ ከእናንተ የአንዳችሁን የግል ቁጥር አትስጡ፣ በእድሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ማታውኑ፣ ሰው ሳይበተን፣ ገንዘቡ በሁለት ሰው እጅ ይቆጠር፣ ድምሩም በማይክ ይነገር። በሳምንቱ ደግሞ ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ እድሩ በር ላይ ለጥፉት። ቶምቦላ ካሰባችሁ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አትርሱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ወደ ፊልሙ ልምጣ። ዩቲዩብ ላይ ስላለ ማሳየት ይቻላል ማለት አይደለም። ሲዲ መግዛትም ለሕዝብ የማሳየት መብት አይሰጥም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ይህን መብት ለባለቤቱ ነው የሚሰጠው። በጽሑፍ ጠይቁ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የወንበሩን ብዛት፣ የቲኬቱን ዋጋ፣ ገቢው ለማን እንደሆነ ግለጹ። ባለሙያው ፊልሙ በክብር እንደሚታይ ካመነ ለእርዳታ ሲባል የሚፈቅድ አይጠፋም። የመብት ነገር ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚያመጣ ለማየት «ድፍረት»ን ማስታወስ ነው። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ልጅ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቶ መጣ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው አዳራሽ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። በኋላ ጉዳዩ አልቆ ለሕዝብ ቀርቧል፣ ግን ያንን ምሽት አስቡት።

ምርጫችሁን ሰዓቱ ራሱ ያጠብላችኋል። ሐዋሳ ላይ ውጭ ካሳያችሁ ደህና ጨለማ የምታገኙት ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሰው ደግሞ ባጃጅ ሳይጠፋ ቤቱ መግባት አለበት። ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ መጨረስ ግድ ነው። «ጤዛ» 140 ደቂቃ ነው፣ አይሆንም፤ ለአዳራሽ አስቀምጡት። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» 94 ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረንሳይ በሚካሄደው የካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ እናቱ የሞተችበት ልጅና የሚወዳት በግ ታሪክ ነው፣ ሽማግሌም ሕፃንም አብሮ ያየዋል። ፈቃዱን ካገኛችሁ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ከእሱ በፊት ደግሞ የከተማችን ልጆች የሠሩትን ሁለት አጫጭር ፊልም አስገቡ፣ ከአሥር ደቂቃ ያልበለጡ። የሠሪዎቹ ቤተሰብ ብቻ ሁለት አግዳሚ ይሞላል። በሲዳምኛ ፊልሙን የሚያስተዋውቅ ሰውም ይኑር፤ እናቶች በቋንቋቸው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲባሉ ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ።

ሐይቁ ዳር ለማሳየት ካሰባችሁ አንድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ስክሪን የሚሆነውን አቡጀዲ ይዤ ስለቆምኩ። ማታ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል። አቡጀዲውን ከላይ ብቻ ብታስሩት እንደ ሸራ ይነፋል፣ የተዋናዩም ፊት አብሮ ይነፋል። በአራቱም ጎን በገመድ ወጥሩት፣ ከታች በአሸዋ የተሞላ ጆንያ እሰሩበት፣ ከተቻለ ከግንብ አስጠግታችሁ ስቀሉት። ሁለተኛው ትንኝ ነው። መብራት ባየ ቁጥር እንደ ጭስ ይመጣል፤ እኛ ጋ አንዱ ፕሮጀክተሩ ሌንስ ላይ አርፎ ግድግዳው ላይ ዶሮ አክሎ ታይቷል። ከስክሪኑ ራቅ አድርጋችሁ ሌላ አምፖል አብሩለት፣ ወደዚያ ይሄዳል። ፕሮጀክተር ከትምህርት ቤት ብትዋሱ፣ የብርሃኑ ጉልበት 3 ሺህ ሉመን የሚባለው፣ በደንብ ከጨለመ 3 ሜትር ስፋት ላለው አቡጀዲ ይበቃል። ሞንታርቦ ሠርግ ከሚቀርጸው ጓደኛችሁ ሰዎች አይጠፋም። ጄኔሬተሩን ከግንብ ጀርባ አርቃችሁ አስቀምጡት፣ አለበለዚያ ፊልሙን ሳይሆን እሱን ነው የምትሰሙት።

ፋይሉን በሁለት ቦታ ያዙ፣ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ላይ። ከሁለት ቀን በፊት በዚያው ላፕቶፕ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት፣ አምስት ደቂቃ አይበቃም። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ካለው በተለይ፣ የግዕዝ ፎንት የሌለው ላፕቶፕ ላይ ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ከክፍለ ከተማውና ከፖሊስ ደብዳቤ ያዙ። ዝናብን ለማምለጥ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ምረጡ። ቀኑ ሲቆረጥ ጻፉልኝ፤ አግዳሚ ለማጋዝ እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ መስማት የተሳነው ነው፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ የፊልም ዝግጅት ሲኖር እህቶቹን እልካለሁ፣ እሱን ግን ቤት አስቀረዋለሁ። ሳስበው ይከፋኛል። ምን ላድርግ?
(እናት፣ ከታቦር)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የአዘጋጆቹ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ከእህቶቹ ጋር ይላኩት፣ ከዝግጅቱ በፊት ግን ለአዘጋጆቹ ይንገሯቸው። ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የአማርኛ ፊልምም ቢሆን የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው፤ ማንበብ ለሚችል ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ መድረክ ላይ ንግግር ሲኖር የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መብራት ያለበት ቦታ ላይ ይቁም። ጨለማ ውስጥ የቆመ አስተርጓሚ አይታይም፣ ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ልጅዎ ከፊት ረድፍ፣ አስተርጓሚውንና ስክሪኑን በአንድ ላይ ማየት በሚችልበት ጎን ይቀመጥ።

ለአዘጋጆችም፣ ከላይ ላሉት ስምንቱ ልጆች ጭምር፦ ድምፅ አልባ ፊልም አስቡ። የቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ኪድ» እ.ኤ.አ. የ1921 ነው፣ ንግግር የለውም፣ በየመሐሉ ያሉት ጥቂት ጽሑፎች በምልክት ሊተረጎሙ ይችላሉ። የማሳያ ፈቃዱን ማጣራት እንዳለ ሆኖ፣ ከጎን አንድ ክራር ተጫዋች ቢቀመጥ ለሚሰሙትም ደስ ይላል። በዚያ ምሽት ልጅዎና እህቶቹ እኩል ያያሉ።

ጥያቄ፦ እኛም አዳማ ላይ ተመሳሳይ ነገር አስበናል። ለፌስቱላ ሕሙማን እርዳታ ነው። ክርክራችን ሁለት ነው፦ ውጭ ይሁን ወይስ አዳራሽ? ፊልሙስ የግድ የሚያሳዝን መሆን አለበት?
(ከአዳማ)

መልስ፦ አዳራሽ። አዳማ ላይ ነፋሱን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ተርባይኖቹ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። አቡጀዲ አይችለውም።

ሁለተኛውን ግን አልስማማም፣ የግድ ማሳዘን የለበትም። ስለ ፌስቱላ፣ ምጥ ሲራዘም በሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት፣ «ኤ ዎክ ቱ ቢውቲፉል» የሚባል እ.ኤ.አ. የ2007 ዘጋቢ ፊልም አለ፤ አምስት ሴቶች ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል የሚያደርጉትን ጉዞ ነው የሚያሳየው። ከበድ ያለ ነው፣ ግን የዳኑት አዲስ ልብስ ለብሰው ሲወጡም ያሳያል። ፈቃድ ካገኛችሁ አሳዩት። ከእሱ በኋላ ሰውን ዝም ብላችሁ አታሰናብቱ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ ጋብዙና ምጥ ሲራዘም ምን እንደሚደርስ፣ መቼ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ እንደሚያስፈልግ በአሥር ደቂቃ ታስረዳ። ከዚያ አንድ የሚያስቅ አጭር ፊልም ጨምሩበት። ሰው እየሳቀ ሲወጣም ይሰጣል፣ የመዋጮ ሣጥኑን መውጫው በር ላይ አድርጉት።