ከሙኒክ ወደ ሊንዳው ደሴት፣ እናትን ይዞ

እህቴ፣ «እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተውልኛል፤ መኪና የለንም፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ሊንዳውን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማየት ይቻላል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ይቻላል፤ እኔም እናቴን ወስጄያቸዋለሁ። ሊንዳው ደቡብ ጀርመን ያለች ከተማ ናት፤ አሮጌው ከተማዋ የሰፈረው ኮንስታንስ ሐይቅ ላይ ባለች ትንሽ ደሴት ነው። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ቀስ እያሉ ከዳር እስከ ዳር ይዘልቁታል።

መጀመሪያ የባቡሩን ነገር ልንገርሽ። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ከሙኒክ ወደ ዙሪክ የሚሄደው ፈጣን ባቡር የሚቆመው ሊንዳው ሮይቲን ነው፤ ይህ ጣቢያ ያለው ደሴቱ ላይ ሳይሆን ማዶ፣ የብሱ ላይ ነው። እናንተ መውረድ ያለባችሁ ደሴቱ ላይ ባለው ጣቢያ፣ ሊንዳው ኢንዝል ነው። ከሮይቲን በእግር መሄድ ይቻላል የሚሉሽን አትስሚ፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ሩቅ ነው፤ ባቡር ቀይራችሁ በጥቂት ደቂቃ ትደርሳላችሁ። ባየርን ቲኬት (የባቫሪያ ክልል የአንድ ቀን ቲኬት) ከገዛሽ በክልል ባቡሮች ብቻ ተሳፈሩ፤ በፈጣኑ ባቡር አያገለግልም፤ በሥራ ቀንም የሚሠራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው።

ከኢንዝል ጣቢያ እንደወጣችሁ ወደቡ ፊት ለፊታችሁ ነው። በመግቢያው በአንድ በኩል 6 ሜትር የሚሆን የድንጋይ አንበሳ ለከተማው ጀርባውን ሰጥቶ ሐይቁን ይመለከታል፤ በሌላው በኩል በ1856 የተጠናቀቀው 33 ሜትር ከፍታ ያለው የመብራት ግንብ ቆሟል። ግንቡ ላይ መውጣት ለእናትሽ አይሆንም፤ ዳር ላይ ተቀምጠው ሰማዩ ከጠራ ማዶ ያሉትን የአልፕስ ተራሮች ይዩ።

ብዙ ሰው ወደቡን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እባክሽ እናትሽን ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውሰጃቸው። አንድ ሺህ ዓመት ያህል የኖረ ሕንፃ ነው። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ አሁን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ሆኗል። ግድግዳው ላይ የጌታ ሕማማት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተሥሏል፤ ሥዕሉ የጀርመናዊው ሠዓሊ የሃንስ ሆልባይን (በዚሁ ስም ከሚጠሩት አባትና ልጅ ሠዓሊዎች የአባትየው) ሥራ ነው ይባላል። ቀለሙ ደብዝዟል፣ አንዳንዱ ቦታ ተልጧል። እናቴ ጀርመንኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየተራመዱ ታሪኩን ለእኔ የተረኩልኝ ግን እርሳቸው ናቸው። አጠገቡ ያለው የሌቦች ግንብ በ1380 የተሠራ ነው፤ በአንድ ወቅት እስር ቤት ነበር። በመመለሻችሁ በማክሲሚሊያን ጎዳና በኩል እለፉ፤ በሥዕል ያጌጠውን አሮጌ የከተማ አዳራሽ እግረ መንገዳችሁን ታዩታላችሁ።

በሞቃቱ ወራት ከወደቡ ወደ ኦስትሪያዋ ብሬገንዝ መርከብ አለ፤ ጉዞው አጭር ነው። የሸንገን ቪዛቸው እዚያም ይሠራል፤ ቢሆንም ፓስፖርታቸውን ይያዙ። ረቡዕ ወይም ዓርብ የምትሄዱ ከሆነ የጾም ምግብ ከቤት ቋጥሪ፤ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር አይጠፋም።