ብርቅዬ ወፍ ለማራባት ለምትነሱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ፊዛንት የሚባለውን የዶሮ ዘመድ፣ ቱራኮ የሚባለውን ፍሬ በል የአፍሪካ ወፍ፣ ማይና የሚባለውን የእስያ ወፍና ብርቅዬ ርግብ በሽቦ መረብ በታጠሩ ሰፋፊ የወፍ ቤቶች ውስጥ ሳራባ ኖሬአለሁ። በቀቀን ግን አርብቼ አላውቅም። የበቀቀን ወዳጆች ዓለማቸው ሌላ ነው፤ ወፋቸው ሲጠሩት ይመልሳል፣ ትከሻ ላይም ይወጣል። የእኔዎቹ ሰው ሲቀርባቸው ወደ ጥግ የሚሸሹ ናቸውና ወደዚህ ሥራ የሚመጣ ወጣት አስቀድሞ የሚማርከው ላባቸው ነው፤ የሚጠይቀኝም «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔም «መዝገብህ የታለ?» ብዬ እመልስለታለሁ። ቀልድ ይመስለዋል፤ እኔ ግን የእያንዳንዱ ወፍ ወላጅ፣ መኖና ታሪክ የሚጻፍበትን ደብተር ማለቴ ነው።

የሶኮሮን ርግብ ተመልከቱ። በዓለም ላይ መኖሪያዋ የሜክሲኮዋ ሶኮሮ ደሴት ብቻ ነበረች፤ በዱር ለመጨረሻ ጊዜ የታየችውም እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉት የሶኮሮ ርግቦች በሙሉ በሰው እጅ ሲራቡ የቆዩ ወፎች ዘሮች ናቸው። በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በጓም ደሴትም ከጭነት ጋር ሳይታወቅ የገባ የዛፍ እባብ የደሴቲቱን ወፎች ሲጨርስ፣ የጓም ኪንግፊሸር የሚባለው ወፍ የተረፈው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ 29 ወፎች ተይዘው ወደ መካነ እንስሳት ስለተወሰዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከዘሮቻቸው ጥቂቶቹ ፓልሚራ በተባለች ደሴት ተለቀቁ። አንድ ዝርያ በ29 ወፎች ላይ ሲንጠለጠል የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተጣመረ ማወቅ የሕልውና ጉዳይ ይሆናል፤ ወላጆቹ የማይታወቁ ወፍ የቱንም ያህል ቢያምር ለዘር መዝገቡ የሚጨምረው ነገር የለም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በወጣትነቴ ሌዲ አምኸርስት ከሚባለው የፊዛንት ዝርያ አንድ ወንድ ያለ አንዳች ወረቀት ገዛሁና ከሴቶቼ ጋር ለሦስት ዓመት አራባሁት። ከዕለታት አንድ ቀን ሊጠይቀኝ የመጣ አንድ አዛውንት አርቢ ወደ ጅራቱም ወደ አንገቱም ሳያይ ቁልቁል ወደ እግሩ ተመለከተና ዝም አለ። የንጹሑ ዝርያ እግር ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ የእኔው ግን ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። ቢጫ እግር ያለው ሌላው ዝርያ፣ ወርቃማው ፊዛንት፣ ከሌዲ አምኸርስት ጋር በቀላሉ ይዳቀላል፣ የሚወለዱትም ራሳቸው ይራባሉ፤ እኔም ድቅሎቹን ጫጩቶች ለብዙ ሰው አድዬ ነበር። ለማን እንደሰጠሁ ባለመጻፌ ግማሾቹን እስከ ዛሬ ማግኘት አልቻልኩም።

ስለ ቤቱ አሠራር ብዙ ልትሰሙ ስለምትችሉ እኔ ሰዎች የሚዘነጉትን ብቻ ልንገራችሁ። ፊዛንት ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወነጨፋል፤ ጣሪያው ጠንካራ ሽቦ ከሆነ የራስ ቆዳው ይገሸለጣል፣ አንዳንዴም ይሞታል። ስለዚህ ከላይ ለስላሳ የክር መረብ ዘርጉ። በሩ ድርብ ይሁን፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። ዚንክ የተለበጠ አዲስ ሽቦ በኮምጣጤ ታሽቶና ታጥቦ ለጥቂት ሳምንታት ዝናብና ፀሐይ ሳይመታው ወፍ አታስገቡበት፤ የዚንኩን ፍርፋሪ እየለቀሙ የሚመረዙ ብዙዎች ናቸው። የሽቦው ግርጌ ወደ ውጭ ታጥፎ በአፈር ይቀበር፤ አይጥ ከስር ቆፍሮ ከገባ እንቁላል ይበላል፣ በሽታም ይተዋል።

ከቤቱ ይልቅ የከበደኝ ግን መኖው ነው። ማይና፣ ቱካንና የገነት ወፍ የሚባሉት በምግባቸው ውስጥ ያለውን ብረት ከሌሎች ወፎች አብልጠው ይመጥጣሉ፤ የተረፈውን ማስወገድ ስለማይችሉም ጉበታቸው ውስጥ ይከማችና ቀስ በቀስ ይገድላቸዋል። በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ውስጥ ያለው ብረት ከ100 ሚሊግራም በታች እንዲሆን የሚመከረው ለዚህ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ለማይናዎቼ በየማለዳው ብርቱካን እቆራርጥላቸው ነበር፤ የብርቱካን ቫይታሚን ሲ ደግሞ ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። በዚያ ላይ በውኃ የራሰ የውሻ መኖ እጨምርላቸው ነበር። ሁለቱ ሆዳቸው አብጦ ትንፋሽ እያጠራቸው በአንድ ወር ውስጥ ሞቱ። የእንስሳት ሐኪሙ አንዱን ከፍቶ ያሳየኝን ያበጠና የጠቆረ ጉበት አልረሳውም። «ይህን መኖ የጀመርክላቸው መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም። የሞቱበትን ቀን ጽፌአለሁ፤ የበሉትን ግን አልጻፍኩም።

አዲስ የመጣን ወፍ ቢያንስ ለ30 ቀናት ለብቻው አቆዩት፣ ኩሱንም አስመርምሩ። ፊዛንት ዶሮ በኖረበት መሬት ላይ አይዋል፤ በዶሮ አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል እንቁላል ይዞት የሚመጣ ጥገኛ ተሕዋስ ጉበቱን ያጠቃዋል።

ጫጩት የሚፈለፈልበት ወቅት ሲደርስ ደግሞ ነፍሳት በሊታዎቹ ወላጆች ሕያው መኖ ካጡ ጫጩቶቻቸውን ከጎጆ አውጥተው ይጥላሉ። ብዙ ጀማሪ ይህን ሲያይ ወላጆቹን ይረግማል፤ እነርሱ ግን ያደረጉት በዱርም የሚያደርጉትን ነው፣ ማሳደግ አንችልም ማለታቸው ነው። ፌንጣና የጥንዚዛ እጭ ሳይቋረጥ አቅርቡላቸው፤ በእነዚህ ውስጥ ካልሲየም አነስተኛ ስለሆነም የካልሲየም ዱቄት ነስንሱበት፣ አለዚያ የጫጩቶቹ አጥንት ይጎብጣል። በእጅ ማሳደግን የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት። ሰው ያሳደገው ወፍ ራሱን እንደ ሰው ስለሚቆጥር ለአቅመ መራባት ሲደርስ ከጓደኛው ይልቅ ለእናንተ ይጨፍራል፤ ያስቃል፣ ነገር ግን የዚያ ወፍ ዘር እዚያው ሊቆም ይችላል።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። በእግሩ ላይ የሚደረገው ቀለበት ቁጥር፣ የተፈለፈለበት ቀን፣ የእናትና የአባቱ ቁጥር፣ የመጣበትና የሄደበት ቦታ፣ መኖውና መኖው የተለወጠበት ቀን፣ ክብደቱም ይጻፍ። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ ላባውን ነፍቶ ስታዩት ብዙውን ጊዜ ረፍዷል፣ ሚዛን ግን ከዓይን ቀድሞ ይናገራል። የምግብ ሰሃኑን ትንሽ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡ ራሱ መጥቶ ይመዘንላችኋል፣ መያዝም አያስፈልግም።

ከቱራኮዎች መካከል በእንክብካቤ ሥር ከሃያ ዓመት በላይ የሚኖሩ አሉ፤ በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው ደግሞ በሃያ ዓመት ውስጥ ቤት ይቀይራል፣ ያገባል፣ አገር ይለቃል። እንግዲህ ወፉ ከመግባቱ በፊት ከእናንተ በኋላ የሚረከበውን ሰው ጠይቃችሁ ስሙን ጻፉ። እኔ በመዝገቤ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሁለት ሰዎች ስም አስፍሬአለሁ፤ በየዓመቱ መጀመሪያም እየደወልኩ አሁንም ፈቃደኛ መሆናቸውን እጠይቃቸዋለሁ።